ጋሼ ዘበኛው፦ በረዳት ተዋናይነት ኖሬ ያየሁት

ወጣቶች ሲያገኙኝ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ «ጋሼ፣ እንዴት ነው መሪ ተዋናይ የሚኮነው?» ብለው ነው። መልሱን አላውቀውም። መሪ ሆኜ አላውቅማ! መድረክ ላይም ሆነ ፊልም ላይ ዕድሜዬን የጨረስኩት ዘበኛ፣ ደላላ፣ የመንደር ሽማግሌ፣ ቄስ፣ ዳኛ፣ የልጅቷ አባት፣ የልጁ አጎት ሆኜ ነው። ስሜን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። መንገድ ላይ ግን «ጋሼ ዘበኛው!» ብሎ የሚጠራኝ አይጠፋም። ታክሲ ውስጥ ወያላው ሂሳብ እየሰበሰበ እኔ ጋ ሲደርስ ፈገግ ይላል። «ተከፍሏል፣ ፋዘር።» ማን እንደከፈለልኝ አይነግረኝም።

ስለዚህ የምጽፍላችሁ ስለማውቀው ነገር ነው። በትንንሽ ሚና እንዴት እንደሚኖር፣ በተለይ ደግሞ ቃል በሌላችሁ ሰዓት መድረክ ላይ ምን እንደምትሠሩ። ለእኔ ሙያው ያለው እዚያ ነው። የምትናገሩትን ደራሲው ጽፎ ይሰጣችኋል። ዝም የምትሉበትን ሰዓት ግን ማንም አይጽፍላችሁም። ራሳችሁ ናችሁ የምትሞሉት።

የጀመርኩት በቀበሌ ኪነት ነው። ደርግ ጊዜ ያደገ ሰው ያውቀዋል። መዝሙሩም፣ ግጥሙም፣ ውዝዋዜውም፣ ድራማውም አንድ አዳራሽ ውስጥ ነበር። እኔ የገባሁት ልዘፍን ነው። ድምፄን ሰሙና «አንተ ብትችል ድራማ ክፍል ግባ» አሉኝ። በትህትና ነው ያሉት፤ እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ።

አስተማሪዬ ግን ሬዲዮ ነበር። ወጋየሁ ንጋቱ ፍቅር እስከ መቃብርን በሬዲዮ ሲተርክ ያልሰማ የእኔ ዘመን ሰው ያለ አይመስለኝም። አንድ ሰው ብቻውን ፊታውራሪ መሸሻንም ይሆናል፣ ጉዱ ካሳንም ይሆናል፣ ሰብለ ወንጌልንም ይሆናል። ልጅ ሆኜ ድምፁን የሚቀያይር ነበር የሚመስለኝ። ስጎረምስ ደጋግሜ ስሰማው ሌላ ነገር ተገለጠልኝ። የሚቀያይረው በአብዛኛው አተነፋፈሱን ነው። ፊታውራሪው ሲናገሩ ትንፋሹ ከሆድ ይወጣል፣ ሰው ይሰማኛል አይሰማኝም የሚል ጭንቀት የለበትም። ጉዱ ካሳ ሲናገር ትንፋሹ ያጥራል፣ ሐሳቡ ከምላሱ ይቀድማል። እስቲ ሞክሩት። አንድን ዓረፍተ ነገር ድምፃችሁን ሳትቀይሩ ትንፋሻችሁን ብቻ ቀይራችሁ ሁለት ጊዜ አንብቡት። ሁለት ሰው ይወጣዋል። ወጣት ተዋናይ ሽማግሌ ሁን ሲባል ድምፁን የሚያንቀጠቅጠው ይሄንን ሳያውቅ ነው። ሽማግሌ ሁሉ ድምፁ አይንቀጠቀጥም። ሽማግሌ ዓረፍተ ነገር መሀል ላይ ያርፋል።

አሁን ወደ ዘበኛው።

አንድ ቴአትር ላይ የዘበኛ ሚና ተሰጠኝ። ያለኝ ቃል ተሰብስቦ አንድ ገጽ አይሞላም። አብዛኛው «እሺ ጌታዬ» እና «የሉም፣ ወጥተዋል» ነው። አንድ የሙያ ጓደኛዬ ጽሑፉን አይቶ «ይሄንንማ ማንም ይሠራዋል» አለኝ። ልክ ነው፣ ማንም ይሠራዋል። ማንም የሚሠራውን ዘበኛ ግን ማንም አያስታውሰውም።

ሰፈራችን አንድ መጋዘን አለ። ዘበኛው በዕድሜ እኩያዬ ነው። ማታ ማታ ሻይ በፔርሙዝ ይዤ እሱ ጋ ማምሸት ጀመርኩ። ለምን እንደመጣሁም ነገርኩት። ይሄንን አትደብቁ። ሰውን ሳያውቅ መቅዳት ነውር ነው፣ ደግሞም ሲያውቅ የበለጠ ያሳያችኋል። እኔ የጠበቅኩት ዱላውን፣ ካፖርቱን፣ ሳሉን ነበር። እነዚህን ሁሉም ተዋናይ ቤቱ ተቀምጦ ያውቃቸዋል። ያየሁት ግን ሌላ ነው። የባለቤቱ መኪና ገና ከታች መታጠፊያው ጋ ሳለ ሰውየው ይነሣል። ክላክስ አልተነፋ፣ መብራት አልታየ። ሞተሩን በድምፁ ይለየዋል። ተነሥቶ ጋቢውን ከትከሻው ያወርዳል፣ ያጥፈዋል፣ ወንበሩ ላይ ያስቀምጠዋል። ከዚያ በኋላ ነው ወደ በሩ የሚሄደው። በብርዱ ጋቢ የሌለው ሰው ሆኖ ነው በር የሚከፍተው።

«ለምን ታወርደዋለህ?» አልኩት።

«ተኝቶ ነበር እንዳይሉኝ» አለኝ።

ይሄንን ይዤ ልምምድ ገባሁ። በተውኔቱ ውስጥ ባለቤቱ ሦስት ጊዜ ከውጭ ይመጣል። መጀመሪያ ሲመጣ ሞተሩ ከመሰማቱ በፊት ተነሥቼ ጋቢዬን አወረድኩና አጠፍኩት። ተመልካቹ ልብ አላለውም። ሁለተኛው ላይ ጥቂት ሰው ሳቀ፣ ገብቷቸዋል። ሦስተኛው ላይ ዘበኛው ከሥራ ሊባረር እንደሆነ ሰምቷል። ሞተሩ ተሰማ። ተነሣሁ። ጋቢዬን አላወረድኩም። እንደለበስኩ ሄጄ በሩን ከፈትኩ። ከፊት ረድፍ አንዲት እናት ጮክ ብለው «እሰይ!» አሉ።

ለዚያ ትዕይንት የተጻፈልኝ ቃል አልነበረም። ደራሲው ራሱ ከአዳራሽ ሲወጣ «እኔ የጻፍኩት ነው እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። እንዲህ ዓይነቱን ነገር መጀመሪያ ለአዘጋጁ አሳዩት። መሪ ተዋናዩም ይወቀው። ሌላ ሰው ቃሉን እየተናገረ እናንተ ጀርባው ላይ ጋቢ ብታጥፉ የሰው ትዕይንት እየሰረቃችሁ ነው። በቴአትር ቤት ይሄ በቀላሉ ይቅር አይባልም። እኔ ጋቢውን የማወርደው ማንም በማይናገርበት ክፍተት ነው፣ ያንን ክፍተት የሰጠኝም አዘጋጁ ነው። ረዳት ተዋናይ ማለት የሌላውን ሰው ሰዓት የሚያከብር፣ የራሱን ሰዓት ደግሞ የማያባክን ማለት ነው።

ሌላው ሥራ መስማት ነው። ብዙ ጀማሪ ተዋናይ ሌላው ሲናገር አይሰማም፣ ተራውን ነው የሚጠብቀው። ዓይኑ ላይ ያስታውቃል። የራሱን ቃል ውስጥ ውስጡን እየደገመ ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ጽሑፉን ሙሉውን አጥኑ። የራሳችሁን ቃል ብቻ በቢጫ ቀለም አስምራችሁ እሱን አትሸምድዱ። እኔ አብሬው የምገባውን ሰው ቃል ከራሴ ቃል በፊት ነው የማጠናው። በእጄ እጽፈዋለሁ። እየተራመድኩ እለዋለሁ። ባለቤቴ ወጥ እየሠራች የመሪዋን ቃል ታነብልኛለች፣ እኔ እመልሳለሁ። የብዙ ሚናዬን ቃል ከእኔ በፊት የያዘችው እሷ ነች።

ይሄ ጥናት የሚከፍላችሁ ችግር ሲመጣ ነው። አንድ እሁድ መሪ ተዋናዩ መሀል መድረክ ላይ ቃል ጠፋበት። ጎበዝ ተዋናይ ነው፣ በማንም ላይ የሚደርስ ነገር ነው። ፊቱ አልተለወጠም፣ ግን እጁ ቆመ። እኔ በር ላይ ቆሜያለሁ፣ እዚያ ቦታ ላይ ቃል የለኝም። ቀጥሎ ስለ ልጁ ደብዳቤ እንደሚናገር አውቃለሁ። አንድ እርምጃ ገባ አልኩና «ጌታዬ፣ የልጅዎትን ደብዳቤ ለማን ልስጠው አሉኝ?» አልኩ። እጁ ተንቀሳቀሰ። ቃሉ መጣለት። ተመልካቹ ዛሬም አያውቅም። የጠፋበትን ቃል እናንተ ልትሉለት አትሞክሩ፣ ከሱ አፍ መውጣት ያለበት ነገር ከእናንተ አፍ ሲወጣ ነገሩ ይበላሻል። ወደ ቃሉ የሚወስድ ጥያቄ ጠይቁት። ማዕረጉንም አትርሱ፤ ዘበኛ «አንተ» ብሎ ቢያድነው ያ ማዳን አይባልም።

የአዲስ አበባ ቴአትር ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። አንድ ቴአትር በሳምንት አንድ ቀን ነው የሚታየው። የማክሰኞው፣ የሐሙሱ፣ የእሁዱ እየተባለ። ከተወደደ ዓመትም ሁለት ዓመትም ይሄዳል። ብሔራዊ ቴአትር ላይ ከአሥር ዓመት በላይ የታየ ኮሜዲ አለ። ለተዋናይ ይሄ ሁለት ዓይነት ፈተና ነው። በአንድ በኩል ሳምንቱን ሙሉ ስላልሠራችሁት ሰውነት ይረሳል። በሌላ በኩል ዓመት ስለሠራችሁት አፍ ብቻውን ይሄዳል። እኔ የመታያው ቀን ጠዋት ጽሑፉን እንደ አዲስ አንድ ጊዜ አነብባለሁ፣ ዓመት ቢሞላውም። ከመጋረጃው በፊት ደግሞ አብሮኝ ከሚገባው ሰው ጋር የመጀመሪያዋን ትዕይንት በፍጥነት፣ ያለ ስሜት፣ ቃሏን ብቻ እንወረውራታለን። ስሜቱን ለተመልካቹ ማስቀመጥ ነው።

ተመልካቹ በሚስቅበት ቦታ ደግሞ ተጠንቀቁ። ሳቅ ሱስ ነው። ዛሬ ያሳቀች ቅንድብ በሚቀጥለው ሳምንት ሁለት ትሆናለች። ወር ሳይሞላ ዘበኛው ቀልደኛ ይሆናል፣ ተውኔቱ ይጠፋል። አዘጋጁ ከመክፈቻው በኋላ አልፎ አልፎ ብቻ ነው የሚመጣው። ራሳችሁን የምትቆጣጠሩት ራሳችሁ ናችሁ።

አሁን ያለው ልጅ የማያውቀው አንድ ነገር አለ። የቀድሞዎቹ ሰዎች ሁሉንም ይሠሩ ነበር። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. በጣሊያን ወረራ ዋዜማ ሕዝቡን ለማነሣሣት እንደ ማኅበር ሲቋቋም ንግግሩም፣ ቀረርቶውም፣ ዘፈኑም በአንድ መድረክ ነበር። ብሔራዊ ቴአትር በ1948 ዓ.ም. የንጉሡን የብር ኢዮቤልዩ ምክንያት አድርጎ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ስም ሲከፈትም ተዋናይ ማለት የሚዘፍን፣ የሚጫወት፣ ሲያስፈልግም መጋረጃ የሚስብ ሰው ነበር። ተስፋዬ ሳህሉን ሕዝቡ የሚያውቃቸው «አባባ ተስፋዬ» ብሎ ነው፣ በልጆች ፕሮግራማቸው። ከዚያ በፊት ግን የመድረክ ሰው ነበሩ። ሴት ወደ መድረክ መውጣት ነውር በነበረበት ዘመን የሴት ገፀ ባሕርይ ለብሰው የሚጫወቱት እሳቸው ነበሩ። በኋላ እነ አስናቀች ወርቁ መጥተው ያንን አጥር ሰበሩት። እኔ «ይሄ ሚና ለእኔ አይሆንም» የሚል ወጣት ሲያጋጥመኝ እነሱን እጠራለታለሁ። አባባ ተስፋዬ ቀሚስ ለብሰው ሰው አሳምነዋል፣ አንተ ደላላ መሆን ከበደህ?

ፊልሙ ሌላ ዓለም ነው። በድሮው የፊልም ጥቅል ዘመን አገራችን ውስጥ የተሠሩ ረጃጅም ልብ ወለድ ፊልሞች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ዲጂታል ካሜራ ሲመጣ ነው ነገሩ የተለወጠው። በየመንደሩ ቪላ እየተከራየ ፊልም ይቀረጽ ጀመር፣ ሲኒማ ቤቱ በአማርኛ ፊልም ተሞላ። የመድረክ ሰው በሙሉ ተጠራ። ብዙዎቻችን የመጀመሪያ ፊልማችንን አይተን ደነገጥን። መድረክ ላይ የምንሠራው ለመጨረሻው ረድፍ ነው። ፊልም ላይ ተመልካቹ አፍንጫችን ሥር ተቀምጧል። ያ ሁሉ ቅንድብ፣ ያ ሁሉ አንገት መወዝወዝ! የመድረክ ሰው ፊልም ሲሠራ የሚጠቅመው ምክር አንድ ነው፤ አስቡት እንጂ አታሳዩት። ካሜራው የምታስቡትን ያነብባል። የማታስቡትንም ያነብባል፣ ጣጣው እሱ ነው።

የምሳ ትዕይንት፣ በፊልም ሰው ቋንቋ የምሳ ሲን፣ ደግሞ የጀማሪ ተዋናይ መለያ ነው። ልጁ ርቦታል፣ ወጡም ጥሩ ነው። በመጀመሪያው ቴክ፣ ማለት በመጀመሪያው የቀረጻ ዙር፣ ግማሹን እንጀራ ይጨርሰዋል። ዳይሬክተሩ «እንደገና» ይላል። ከዚያ ከጎን ይቀረጻል። ከዚያ ክሎዝ አፕ። ከዚያ አውሮፕላን ያልፋል። ከዚያ ውጭ አንዱ «ቆራሌው!» ይላል፣ ድምፅ ተበላሸ፣ እንደገና። ልጁ አሁን እንጀራ ማየት አይፈልግም፣ ግን በየቴኩ በዚያው ስሜት መጉረስ አለበት። እኔ ከቀረጻው በፊት ትንሽ ትንሽ አድርጌ እቆርሳለሁ። በየትኛዋ ቃል ላይ እንደምጎርስ፣ በየትኛዋ ላይ ውኃ እንደማነሣ ወስኜ እይዛለሁ። ብርጭቆው በቀኝ እጅ ከሆነ እስከ መጨረሻው በቀኝ ነው። አርትዖት ላይ የሚቀመጠው ሰው የሚመርጠው የሚገጣጠምለትን ቴክ ነው። ምርጡን ትወናችሁን በግራ እጃችሁ ብርጭቆ ይዛችሁ ከሠራችሁት ተቆርጦ ይወድቃል።

ፊልም በቅደም ተከተል አይቀረጽም። ጠዋት ልጃችሁን ትቀብራላችሁ፣ ከሰዓት ትድሯታላችሁ። ለዚህ ትንሽ ማስታወሻ ደብተር ይኑራችሁ። ለእያንዳንዱ ሲን የምጽፈው ይሄንን ነው፦ ከየት መጣሁ፣ ምን ያህል ደክሞኛል፣ ኪሴ ውስጥ ምን አለ። የመጨረሻው ያስቃቸዋል። ኪሱ ውስጥ የቤት ኪራይ የያዘ አባት አቀማመጡ ሌላ ነው። ካሜራው ብሩን አያየውም፣ እጄ ግን ኪሴን ይጠብቃል።

እሺ፣ ስለ ብር እናውራ። ማንም የማይነግራችሁ እሱን ነው።

የመንግሥት ቴአትር ቤት ቋሚ ተቀጣሪ ከሆናችሁ ደመወዝ አለ፣ ጡረታ አለ። ደመወዙ ብዙ አይደለም፣ ግን ወር ይጠብቃል። ፍሪላንስ ከሆናችሁ ሁሉም ነገር በስልክ ጥሪ ነው። ረዳት ተዋናይ በአንድ ሥራ አይኖርም። የሬዲዮ ድራማ አለ፣ ማስታወቂያ አለ፣ የመጽሐፍ ትረካ አለ፣ ድምፅ ማልበስ አለ። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ እያለበሰ ሲመጣ ብዙ የሙያ ጓደኞቼ «የአገር ውስጡን ሥራ ይገድላል» ብለው ተቃወሙ። ሥጋታቸው ይገባኛል። ግን ደግሞ ስንት ልጅ በድምፅ ሥራ ቤት ኪራዩን እንደከፈለ አይቻለሁ። እኔ በሁለቱም በኩል ጓደኞች አሉኝ፣ ሠርግም ቀብርም አብረን ነው የምንሄደው።

ያለ ውል ወረቀት አትሥሩ። «ቤተሰብ ነን» የሚል ፕሮዲዩሰር ሲያጋጥማችሁ በተለይ ወረቀቱን ጠይቁ። አንዱ፣ ስሙ ይቅርና፣ የመጨረሻ ክፍያዬን «ፊልሙ ወጪውን ሲመልስ» ብሎኝ ነበር። ፊልሙ እንዳልመለሰ እስከ ዛሬ ይነግረኛል፤ መኪናው ግን ተቀይሯል። ከዚያ ወዲህ ክፍያዬን ሦስት ቦታ ከፍዬ ነው የምቀበለው። ስፈርም አንዱን፣ መሀል ላይ አንዱን፣ የመጨረሻውን ደግሞ የመጨረሻው ቀን ቀረጻ ሳይጀመር። ካለቀ በኋላ የሚል ቃል ውሉ ውስጥ ካለ አስወጡት። ውሉ ላይ የቀረጻ ቀኑ ብዛት ይጻፍ፣ ለጥቂት ቀን ተብሎ ወር የሚፈጅ ሥራ ብዙ ነው። ማታ ሲያመሽ ወደ ቤት የሚያደርሳችሁ መኪና ይጻፍ። ፊልሙ ከሲኒማ ቤት በኋላ ዩቲዩብና ቴሌቪዥን ላይ ሲወጣ እናንተ ምን እንደምታገኙም ይጻፍ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የከዋኞችን፣ ማለት እንደ እኛ ያለውን ተዋናይ፣ መብት ያውቃል። አዋጁን በቃላችሁ መያዝ አይጠበቅባችሁም፣ ግን መኖሩን የምታውቁ መሆናችሁ ድርድር ላይ ያስታውቃል።

ከዚያ በኋላ ዕቁብ ግቡ፣ ወይም ባንክ አስቀምጡ፣ እንደሚመቻችሁ። ፍቃዱ ተክለማርያምን የሚያህል ተዋናይ፣ አገር ሙሉ በድምፁ የሚያውቀው ሰው፣ ኩላሊቱን ሲታመም ለሕክምናው ከሕዝብ ገንዘብ ይሰበሰብ ነበር። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. አረፈ። ሕዝቡ ስለወደደው አዋጣለት። ለጋሼ ዘበኛው ግን ማን እንደሚያዋጣ እንጃ። ስለዚህ አንድ ሥራ ሲከፈለኝ መጀመሪያ የማወጣው ለሕመምና ለክፉ ቀን የማስቀምጠውን ነው፣ ልብስ በኋላ ይደርሳል።

አንዴ ቄስ ሆናችሁ ከተሳካላችሁ ዓመቱን ሙሉ ቄስ ናችሁ። ስልክ ይደወላል፣ «ጋሼ፣ ለእርስዎ የሚሆን ሚና አለን።» ገና ሳይነግሩኝ ጥምጣሙ ይታየኛል። ብዙዎች በዚህ ይማረራሉ። እኔ እንጀራዬ ስለሆነ አልማረርም። ግን አንድ ነገር ሁሌ እቀይራለሁ። አንደኛው ቄስ ጉልበቱን ያመዋል፣ ሰው እጁን ይዞ ካልደገፈው አይነሣም። ሌላኛው ቄስ ገንዘብ ሲቀበል ሳይቆጥር ኪሱ ይከታል፣ ግን በጣቱ ውፍረቱን ይለካዋል። ጽሑፉ ላይ ሁለቱም «አባ» ብቻ ናቸው። ከአዘጋጁ ጋር አትጣሉ፣ ያቺን አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ግቡ።

ጺም ሌላ ራስ ምታት ነው። የእሁዱ ቴአትር ላይ የተላጨ ዳኛ ሆናችሁ፣ ተከታታይ ድራማው ላይ ባለ ጺም ገበሬ ብትሆኑ ከሁለት አንዱ ሥራ አርቴፊሻል ጺም ይፈልጋል። ጺሙን መድረክ ላይ ለጥፉት። ከሩቅ አያስታውቅም። ካሜራ ፊት ግን በላብ ጠርዙ ይነሣል፣ ሙጫው ያበራል። ስለዚህ የእውነት ጺማችሁን ለካሜራው አሳድጉ። ይሄ የሚሆነው ግን ሁለቱንም ወገን ከመፈረማችሁ በፊት ካስማማችሁ ነው። የመድረኩ አዘጋጅ «ዳኛዬ በጺም ይሁን» ካለ ደግሞ ተገላገላችሁ።

ሚናው ወደ ኑሯችሁ የሚገባበትም ጊዜ አለ። በቴሌቪዥን ደጋግሜ ሽማግሌ ስለሆንኩ ጎረቤቶቼ ለልጃቸው ሚስት ጥየቃ ሽምግልና እንድሄድ ለመኑኝ። «ጋሼ፣ አንተ ካልከው እሺ ይላሉ» አሉኝ። ሄድኩ። የልጅቷ አባት ከተቀመጥንበት እያዩኝ ቆዩና «የፊልሙን ይበሉት ወይስ የራስዎን?» አሉኝ። የራሴን አልኩ፣ ያን ያህል የሚያምር አልነበረም። ሰጡን ግን።

ኦዲሽን ለምትሄዱ ልጆች አሁን የማስታውሰውን ልንገራችሁ። እኔ አንዳንዴ ከፈታኞቹ ጎን እቀመጣለሁ። ከሚመጣው ወንድ ብዙው ቴዎድሮስን ይዞ ነው የሚመጣው። ጠመንጃውን በምናቡ ይዞ ይጮሃል። ጩኸቱ ያስከፋናል ማለቴ አይደለም፣ ግን ከእሱ በፊትም ከእሱ በፊት ከነበረውም ቴዎድሮስ ሰምተናል። ሴቶቹ ደግሞ አብዛኞቹ ያለቅሳሉ። እንባ ማውጣት ከባድ አይደለም። አንድ ሰው ብር ሊበደር መጥቶ ስለ ዝናቡ የሚያወራበትን ዓይነት ነገር ይዛችሁ ኑ። አጭር ይሁን። ራሳችሁ ጽፋችሁት ቢሆንም ችግር የለም። የምታናግሩት ሰው የት እንደቆመ ወስኑና እሱን እዩት፣ እኛን አትዩን። ልምምድ ስትፈልጉ አዲስ አበባ ካልሆናችሁም በየክልሉ የባህል ማዕከል አለ፣ ባሕር ዳር ሙሉዓለም አለላችሁ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ትምህርትም አለ። ከቻላችሁ ደግሞ አንድን ቴአትር ሁለት ጊዜ ግቡ። በመጀመሪያው መሪውን እዩ። በሁለተኛው ገንዘባችሁን ቆጥራችሁ የከፈላችሁት ዝም ብሎ የቆመውን ሰው ለማየት ይሁን።

ፈታኞቹ «እናመሰግናለን» ካሉ ውጡ፣ «አንዴ ልድገመው» ብላችሁ አትለምኑ። ከመውጣታችሁ በፊት ግን ወረቀቱ ላይ ስልክ ቁጥራችሁ በትክክል መጻፉን አረጋግጡ። ቁጥሩ ተሳስቶ የቀረ ዘበኛ አውቃለሁ፣ እኔ የገባሁት በእሱ ቦታ ነው።